አጎቴ የሰደባት መኪና

ከሜልቦርን ከተመለስኩ ጀምሮ ደሴ ሙጋድ ሰፈር ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ካንጋሮ ነው። ካንጋሮ አይቻለሁ። መንገድ ዳር ቆሞ ሣር ይበላ ነበር፤ እኛን አየና መብላቱን ቀጠለ። ስለ ካንጋሮ ያለኝ ይኸው ነው። አሁን ወደ መኪናዎቹ ልግባ።

ሐሙስ፤ ከደሴ

የእናቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ኑሩ ክሬጊበርን በሚባል የሜልቦርን ዳርቻ ይኖራል፤ እዚያ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ለሴሚስተር እረፍት እናቴንና እኔን ጋበዘን። እናቴ ሸዋ በር ያለውን የጨርቅ ሱቃችንን ዘግታ መሄድ አልሆነላትም። ስለዚህ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ብቻዬን አውሮፕላን ላይ ወጣሁ።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኘችኝ እሷ ናት። "ይሄ ሻንጣ ደግሞ የት ይደርሳል ብለሽ ነው? እጀታው አሁን ነው የሚበጠሰው" አለችኝ። ሻንጣውን መርጣ የገዛችልኝ ራሷ ናት።

ስለ በረራው ብዙ የምለው የለኝም። ቀበቶውን መፍታት እንደሚፈቀድ የገባኝ ሁለተኛው አውሮፕላን ላይ ነው።

ቅዳሜ፤ ክሬጊበርን

ሜልቦርን አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ፈታሽ እናቴ የላከችውን በርበሬ ከፍቶ አሸተተ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አስነጠሰው። እኔም እንደ ጥፋተኛ ቆሜ ጠበቅሁት። ሲያበቃ እንባውን ጠርጎ "እንኳን ደህና መጣሽ" አለኝ። በእኛ አገር ያን ያህል ያስነጠስኩት ባለሥልጣን እንደዚያ የሚለኝ አይመስለኝም።

አጎቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። በስልክ ካልሆነ በቀር ተያይተን አናውቅም። ከላይ እስከ ታች አየኝና "ይህቺ ናት እንዴ? እንዲህ የከሳሽው ምን ሆነሽ ነው? እህቴ ምግብ አትሰጥሽም?" አለ። ከዚያ መሐረብ አውጥቶ ወደ ግድግዳው ዞሮ አፍንጫውን ተናፈጠ። ጉንፋን የያዘው መስሎኝ ነበር።

መኪናው ጋ ስንደርስ በኛ አገር ልማድ የቀኙን በር ከፍቼ ገባሁ፤ መሪው ፊቴ መጣ። "ልትነጂ ነው?" አለኝ። ዞሬ በግራ ገባሁ። ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል፤ አንድ ደመና የለም። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ዝናብ መጥረጊያው ተነሣና ደረቁን መስታወት ማሸት ጀመረ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይም እንዲሁ።

"አጎቴ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው?"

"ዝም በይ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚያ መሪው በቀኝ ስለሆነ ፍሬቻውም በቀኝ እጅ ነው፤ በግራ ያለው ዝናብ መጥረጊያው ነው። የአጎቴ እጅ ግን ደሴ ውስጥ በጎረቤት ፒካፕ የተማረውን አልረሳም። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ሊታጠፍ ሲፈልግ ዝናብ መጥረጊያ ያስነሣል። ልጁ ኢማን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እናቷና አባቷ በአማርኛ ሲያወሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። በዚህ ጉዳይ ላይ የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ኦ ማይ ጋድ፣ ዳድ።"

ቤት ስንደርስ ጋራዡ ባዶ ነበር። ባዶ ብቻ አይደለም፤ ታጥቧል። ሚስቱ እትዬ ዘሀራ ሳምቡሳ እየጠበሱ ለሱቆች ያስረክባሉ። ወጥ ቤታቸው ስለጠበባቸው ጋራዡን ሲመኙት ኖረዋል። አጎቴም ወጣት ሆኖ ያያትን ዓይነት የአሜሪካ አሮጌ የስፖርት መኪና ሲመኝ ኖሯል፤ እሷም ብትገዛ የምታድረው እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነው። እንግዳ ሊመጣ ሲል ተስማምተዋል። ስምምነቱን እትዬ ዘሀራ ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ ነገሩኝ።

"አንቺ ተመልሰሽ አውሮፕላን እስክትወጪ ድረስ መኪናውን ካስገባ የሱ ነው። ካላስገባ መጥበሻዬ ይገባል። አንቺ ምስክር ነሽ።"

"እሺ እትዬ።"

ሰው ለጉብኝት ሄዶ ቀነ ገደብ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

እሁድ፤ ኮሊንግዉድ

የታጩት መኪናዎች ሁለት ናቸው፤ ሙስታንግና ካማሮ። ሁለቱም በዕድሜ ከእናቴ ይበልጣሉ። ሙስታንጓ ያለችው ኮሊንግዉድ ነው። እዚያ የመንግሥት ኪራይ ቤቶቹ እንደ ደሴው ጦሳ ተራራ አንገት ቀና ያስደርጋሉ፤ ልዩነቱ ጦሳ ላይ ልብስ አይሰጣም። ባለቤቷ ክሪስ የሚባል ወጣት ነው። ክንዱ ላይ የራሷን የሙስታንጓን ሥዕል ተነቅሷል። ሊሸጣት የፈለገው ልጅ ስለተወለደለትና ወንበሯ ለልጅ ስለማይመች ነው። የልጁን ሥዕል የት እንደሚነቀሰው አልጠየቅሁትም።

ሙስታንጓ እሳት የመሰለች ቀይ ናት። ስትነሣ ድምፅዋ የወፍጮ ቤት ነው፤ ደረቴ ውስጥ ነው የሰማሁት። የመንገዱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አነሡላት። አጎቴ ግን ኮፈኖዋን ከፍቶ ጎንበስ አለና በአማርኛ አስተማረኝ። ሞተሩ አብሯት የተወለደው አይደለም፤ ተቀይሯል። ቀለሙ አዲስ ነው። መሪውንም ከግራ ወደ ቀኝ አዙረውታል። ለሚነዳት ሰው ይህ ሁሉ ደግ ነው። ለሰብሳቢ ግን ዋናው ነገር መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣች መገኘቷ ነው፤ የሞተሩ ቁጥርና የአካሏ ቁጥር መገናኘት አለባቸው።

ከዚያ ቀና ብሎ ክሪስን በእንግሊዝኛ "በጣም ቆንጆ ናት!" አለው። "እንዲህ ያለች አይቼ አላውቅም። ቀለሟ! ድምፅዋ! እጅህ ይባረክ!"

ክሪስ ደስ አለው፤ ጨበጠው። እኔ ግን የሱቅ ልጅ ነኝ። እኛ ሱቅ ገብታ "ሲያምር! የት አገኛችሁት?" የምትል ሴት ጨርቁን ደባብሳ ትወጣለች። "ይሄ ደግሞ አንድ ቀን ሲታጠብ ይለቃል፤ ማን ይገዛዋል?" የምትለዋ ናት አስቆርጣ የምትሄደው። እናቴ ምስጋና ስትሰማ ከወንበሯ አትነሣም፤ ስድብ ስትሰማ ሜትሯን ታነሣለች።

መኪናችን ውስጥ ስንገባ "አልወደድካትም ማለት ነው" አልኩት።

"በምን አወቅሽ?"

"አመሰገንካት።"

አጎቴ ዝናብ መጥረጊያውን አስነሥቶ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ረቡዕ፤ ከክሬጊበርን ወደ ሰሜን

አጎቴ ረቡዕ እረፍት ነበረው፤ ወደ ካማሮዋ ሄድን። ከተማው ሲያልቅ ሣሩ ሁሉ ቢጫ ነው፤ አጨዳ የደረሰ የወሎ ማሳ ይመስላል፤ ግን የሚያጭደው ሰው የለም። ካንጋሮውን ያየሁት እዚህ ነው።

ባለ መኪናው ባሪ ይባላሉ፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አጭር ሱሪ ለብሰዋል። በእኛ ሰፈር በሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው በአጭር ሱሪ ቢታይ ሽማግሌ ይላክበታል። "ባሪ በዪኝ" አሉኝ። አፌ እምቢ አለ። "ጋሼ ባሪ" አልኳቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ ጥቂት አሰቡና "ይሁን" አሉ።

ካማሮዋ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አሮጌ አንሶላ ለብሳ ቆማለች። አንሶላው ሲነሣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አዘንኩ። ቀለሟ የደከመ አረንጓዴ ነው። ወንበሯ ተተርትሯል። ጎማውን የሚሸፍነው ፓራፋንጎ ሥር ዝገት አለ። ግን የሞተሩ ቁጥር ከአካሏ ቁጥር ጋር ይገናኛል፤ መሪውንም ማንም አልነካውም፤ በግራ ነው፣ እንደ ደሴ። ሙስታንጓ ለሠርግ የተኳለች ሴት ብትሆን ይህቺ ፊቷን ታጥባ የወጣች ናት።

ጋሼ ባሪ ቁልፉን ሰጡት፤ በግቢያቸው መንገድ ላይ ነዳት። እኔ በቀኝ ተቀመጥኩ። ሞተሩ እንደ ሙስታንጓ አይጮህም፤ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ትልቅ ሰው ነው። ከዛፎቹ ጋ መታጠፊያ ደረስን። የአጎቴ ግራ እጅ ሳያስብ ተነሣ። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ አለ፤ ፍሬቻው በራ። ዝናብ መጥረጊያዎቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

አጎቴ እጁን አየ፤ መንገዱን አየ፤ እንደገና እጁን አየ። ታጥፈን ከጨረስን በኋላ፣ መታጠፊያ በሌለበት፣ አንዴ ደግሞ አበራው።

ተመልሰን ስንወርድ ስድቡ ተጀመረ።

"ዝገት አለባት" አለ በእንግሊዝኛ።

"አለባት" አሉ ጋሼ ባሪ።

"ቀለሟ የበሰለ ጎመን ነው የሚመስለው።"

"እውነት ነው።"

"ወንበሩ ለውሻ እንኳን አይሆንም።"

ጋሼ ባሪ ውሻቸውን አዩት። "ውሻው ይወደዋል" አሉ።

"መሪው ደግሞ በግራ! እዚህ አገር ማን ይነዳታል? ኧረ እንዲያው ማን ይገዛታል?"

ልቤ በደስታ ልትወጣ ደረሰች። አጎቴ እንደዚያ ፍቅር ሲይዘው አይቼው አላውቅም። አሁን ሻጩ "አንተ ለሌላ ነገር ነው የመጣኸው" ይሉታል፤ እሱ ይቆጣል፤ ሳቸው ይቆጣሉ፤ ከዚያ ይስማማሉ ብዬ ጠበቅሁ።

ጋሼ ባሪ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ካልወደድካት ምንም አይደለም። ሃምሳ ዓመት ግድም አብራኝ ኖራለች፤ የምሸጣትም ለሚወዳት ሰው ነው" አሉ። አንሶላውን ጎትተው አለበሷት። "ሻይ ትጠጣላችሁ?"

ሻይ ጠጣን። ወተት አለው፤ ስኳር ግን ለመድኃኒት ያህል ነው። ከዚያ አጎቴ ተሰናብቶ ወደ በሩ ቀስ ብሎ መራመድ ጀመረ። በእኛ ሱቅ ደንበኛ ተቆጥቶ ሲወጣ እናቴ እስከ ደፍ ድረስ ታስኬደዋለች፤ ደፍ ላይ ሲደርስ "ና እስቲ!" ትለዋለች። አጎቴ ግቢው በር ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሠረ። የሌላኛውንም አሠረ። የሚጠራው የለም። መኪና ውስጥ ገባን።

"አናስነሣም?" አልኩት።

"ቆይ። አሁን ይጠራናል።"

ቁጭ አልን። ዝንብ ገባች፤ ወጣች። በመስታወቱ ጋሼ ባሪ ወደ ቤት ሲገቡ አየናቸው። ከዚያ ወጡ፤ ወደ እኛ መጡ። አጎቴ ክንዴን ያዘኝ። "አላልኩሽም? መጣ! ፊትሽን አጥቁሪ።"

ፊቴን አጠቆርኩ። ጋሼ ባሪ በመስኮቱ አንድ ከረጢት ሎሚ አቀበሉን። "ከዛፌ ነው፤ ለመንገድ" አሉ። እጃቸውን አውለበለቡልን፤ ተመልሰው ገቡ።

እስከ ክሬጊበርን ድረስ አጎቴ ከረጢቱን ዞሮ አላየውም። ሎሚው ግን ጥሩ ነበር።

ሐሙስ

እትዬ ዘሀራ ጋራዡን ለኩት። ሜትሩን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ፤ እንግዳ ነኝና እምቢ ማለት አልቻልኩም። አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ "መጥበሻው እዚህ ጋ ይሻላል" እያለ ያሳያቸው ነበር። እንዲህ ሲተባበር ከማየት ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። ስልኩ ደግሞ በየሰዓቱ ይጮሃል። ክሪስ ነው። ምስጋናውን አምኖ ሙስታንጓን ለሌላ ሰው አላሳይም ብሏል፤ መቼ እንደምንወስዳት ይጠይቃል። የማትፈለገዋ እየጠበቀችው ነው፤ የሚፈልጋት አንሶላ ለብሳለች።

"ተመልሰን እንሂድና እውነቱን ንገራቸው" አልኩት።

"ወድጃታለሁ ብዬ? ፊት ለፊት?" አለኝ፤ እንደ ነውር።

ዓርብ፤ ኖርዝ ሜልቦርን

እትዬ ዘሀራ ሳምቡሳ ለማድረስ ኖርዝ ሜልቦርን ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። ጠዋት ስንወጣ ሙቀት ነበር፤ ባቡር ላይ ዘነበ፤ ስንወርድ ብርድ ሆነ፤ ሱቁ በር ላይ እንደገና ፀሐይ። ደሴ እንኳን እንዲህ አትቀልድም። አንድ እጄ ሳምቡሳ፣ አንድ እጄ ጃንጥላ ይዞ፣ ሁለቱንም ጣልኩ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ጃንጥላውን አነሣችልኝ፤ ሳምቡሳውን እትዬ ዘሀራ አነሡ። የወደቀውን እኛው በላነው።

እዚያ አንድ አጥር ላይ ተቀምጠን እያኘክን ነው የነገሩኝ።

"ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን ጣፈጠ ብሎኝ አያውቅም። ጨው በዛ ይላል። ከዚያ ሌላ ሳምቡሳ ይጨምራል። ጨው በዛ ይላል፤ ይጨምራል።"

"እትዬ፣ አይከፋዎትም?"

"ምን ይከፋኛል? ሲጨምር አየዋለሁ እኮ። ፈረንጁ ግን የት ያየዋል?" ጣታቸውን ጠረጉ። "ጋራዡን እፈልገዋለሁ። ግን ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ቦታ እያሳየ ሲያግዘኝ ማየት አልፈልግም። ነገ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ፤ ይዘሽ ከሱ ጋር ወደ ፈረንጁ ሂጂ። አንቺ እንግሊዝኛ ትችያለሽ፤ እፍረት ደግሞ ገና አልያዘሽም።"

ቅዳሜ፤ እንደገና ጋሼ ባሪ ዘንድ

ሳምቡሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ። አጎቴ መንገዱን ሙሉ "ሎሚውን ለማመስገን ነው የምንሄደው" ይለኝ ነበር።

ጋሼ ባሪ ሲያዩን አልገረማቸውም። ከሰዓት በኋላ ከሲድኒ አንድ ሰው ተጎታች ይዞ ሊያያት እንደሚመጣ ነገሩን። አጎቴ ይህን ሲሰማ የሎሚውን ነገርም ረሳው። ስለዚህ እኔ ጀመርኩ።

"ጋሼ ባሪ፣ እኛ አገር ሰው የወደደውን ዕቃ ይሰድበዋል" አልኳቸው።

"ለምን?"

"ካመሰገነው አይሸጡለትም፤ ወይም ያስወድዱበታል። ስለዚህ ዝገት አለው ይላል።"

"ዝገት እኮ አለባት።"

"ያለውን ነው የሚሰድበው።"

አሰቡ። "ሻጩስ?"

"ሻጩ ያውቃል።"

"እኔ አላወቅሁም።"

"አዎ። ችግሩ እሱ ነው።"

ወደ አጎቴ ዞሩ። "ትወዳታለህ?"

አጎቴ በአማርኛ "ንገሪያቸው" አለኝ።

"አንተው ንገራቸው" አልኩት። በሕይወቴ ለትልቅ ሰው እንዲህ መልሼ አላውቅም።

አጎቴ ካማሮዋን ዞራት። አንሶላውን ገለጥ አደረገው። "ጥሩ... ጥሩ ጎማ አላት" አለ።

"ጎማው አልቋል" አሉ ጋሼ ባሪ።

ውሻው ያዛጋል። አጎቴ እጁን ጣሪያዋ ላይ አሳረፈ፤ ሲናገርም ያየው እጁን ነው እንጂ እኛን አይደለም።

"እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ለመታጠፍ ስፈልግ ዝናብ መጥረጊያ ነው የማስነሣው። መንጃ ፈቃድ ስፈተን በፀሐይ አስነሣሁት፤ ፈታኙ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር። ልጄ ትስቅብኛለች፤ እኔም አብሬያት እስቃለሁ። ረቡዕ በዚህች መኪና ስታጠፍ ፍሬቻው በራ። እጄ አልተሳሳተም። ከስንት ዓመት በኋላ እጄ ሳይሳሳት ቀረ። ሌሊት እንኳን ስለሷ ነው የማስበው። በጣም ነው የምወዳት።"

ከዚያ ልብሱን ሰው ፊት ያወለቀ ይመስል መሬት መሬት አየ።

ጋሼ ባሪ አንሶላውን ሙሉ በሙሉ ገፈፉት፤ አጥፈው ክንዴ ላይ አስቀመጡት። "ቀለሟ ግን ጎመን ነው" አሉ።

አጎቴ ቀና አለ።

"ወንበሯም ለውሻ አይሆንም። መሪዋም በግራ ነው። ኧረ ለመሆኑ እንዲህ ያለች መኪና ማን ይገዛል?"

አጎቴ ያን ጊዜ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ እናቴን ይመስላል። ወደ ወጥ ቤት ገብተው ተነጋገሩ፤ ሲወጡ ተጨባብጠው ነበር። ለሲድኒው ሰው ስልክ ተደወለ። ጋሼ ባሪ ሳምቡሳውን ቀመሱና ፊታቸውን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደዱ። "አስቀያሚ ነው" አሉ፤ ሌላ አነሡ። ፈጣን ተማሪ ናቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ መንገድ ዳር አቁሞ ለክሪስ ደወለ፤ እንደማይገዛ ነገረው። ክሪስ "ታዲያ ለምን ያን ያህል አመሰገንካት?" ሲለው እኔም ሰማሁ። አጎቴ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀው።

ማታ ራት ላይ ደግሞ ልምምዱን ሊቀጥልበት ፈለገ መሰለኝ፤ "ዘሀራ፣ ሳምቡሳው ጥሩ ነበር" አለ። እትዬ ዘሀራ ተነሥተው ግንባሩን ነኩት። ኢማን "ኢዝ ሂ ሲክ?" አለች።

እሁድ፤ መመለስ

ጠዋት ጋሼ ባሪ ካማሮዋን በተጎታች አምጥተው ጋራዡ ውስጥ አስገቧት። አውሮፕላኔ ገና ነበር፤ ምስክርነቴን ሰጠሁ። እትዬ ዘሀራ በመኪናዋና በግድግዳው መካከል ያለውን ቦታ አዩና አንድ መደርደሪያ ጠየቁ። ተፈቀደላቸው።

የካማሮዋ ወረቀት ገና ስላላለቀ አውሮፕላን ማረፊያ የሄድነው በተለመደው መኪና ነው። ያን ቀን ከቤት ተነሥተን አውሮፕላን ማረፊያው እስክንደርስ ድረስ ዘነበ፤ ስለዚህ አጎቴ በየመታጠፊያው ሁሉ ልክ ነበር።

መግቢያው በር ላይ ሻንጣዬን አቀበለኝ። "በይ ሂጂልን። ወሬሽ ብዙ፣ እንቅልፍሽ ብዙ፣ የሚበላው ሁሉ አለቀ። ሁለተኛ አንቺን የሚጋብዝ የለም።"

"የጎመን ቀለም ያላት መኪናህም ቤንዚን ከመጠጣት ሌላ አትጠቅምም" አልኩት።

መሐረቡን አወጣና ወደ ግድግዳው ዞረ። ጉንፋን እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ። እኔም ወደ ሌላኛው ግድግዳ ዞርኩ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ መጀመሪያ የሰጠሁት ለእናቴ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆማ አነበበችው። "ረዝሟል። ጽሕፈትሽም የዶሮ ጭረት ነው። ይሄን ደግሞ ማን ያነበዋል?" አለችኝ።

አንዲት ደንበኛ ነጠላ ልታስቆርጥ ገብታ ነበር። እናቴ ቀና ሳትል "ቆይኝ እስቲ" አለቻት፤ ወንበር ሳበችና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች።